የአባት ዕዳ ለቡችላ

ዛሬ የምጽፈው ስለ ውሻ ነው። «ሰው በሚቸገርበት አገር ስለ ውሻ ጆሮ መጻፍ ቅንጦት ነው» የምትል ከሆነ ቅሬታህን ለጊዜው ያዝልኝ፤ ወደ መጨረሻው መልስ አለኝ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዚህ በታች የምከስሰው ብዙ ነው፤ የመጀመሪያው ተከሳሽ ግን እኔው ራሴ ነኝ።

ውሻዬ ባዘቶ ይባላል። የዶርዜ ሴቶች ለመፍተል አዘጋጅተው በሰፌድ ላይ እንደሚያኖሩት ጥጥ ነጭ ስለሆነ ስሙን እኔ አወጣሁለት። ከሁለት ዓመት በፊት ፎቶግራፉን በስልኬ አይቼ፣ ዋጋውን ከሻጩ ጋር በስልክ ተከራክሬ፣ ከሁለት ወር ደመወዜ የሚበልጥ ብር ልኬ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ቡል ቴሪየር ነው። በካርቶን ሆኖ አርባ ምንጭ የደረሰ ዕለት የሲቀላ መናኸሪያ ሰው ሁሉ ከቦ አየው። የእንቁላል ቅርጽ ያለው ጭንቅላቱ፣ ትንንሽ ዓይኖቹ፣ እንከን የሌለበት ንጣቱ! እኔም ደረቴን ነፋሁ። ሻጩ «ንጹሕ ዝርያ ነው፤ ደሙ ከምንም አልተቀላቀለ» ብሎኝ ነበርና ንጹሕ የሚለውን ቃል ለጎረቤት ሁሉ ደገምኩት።

ሻጩን የጠየቅሁት ሦስት ነገር ብቻ ነበር፤ ምን ይበላል? ይናከሳል? ስንት ነው? እናቱ ማን ናት አላልኩም። አባቱን አይተኸዋል ወይ አላልኩም። አብረውት የተወለዱት እንዴት ናቸው አላልኩም።

አንባቢዬ፣ ይህን የምልህ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። እንጀራዬ መጠየቅ ነው። አንድ ነጋዴ ብድር ፈልጎ ከመስኮቴ ፊት ሲቆም ንግድ ፈቃዱን፣ የግብር ደረሰኙን፣ የቤቱን ካርታ፣ ከዚህ በፊት የተበደረውን ዕዳ ሳላይ አንዲት ወረቀት አላሳልፍም። ሦስት እግር ያላት ባጃጅ እንኳ ያለ ሊብሬ አትሸጥም። አባቶቻችን በሬ ሲገዙ ጥርሱን ገልጠው ያያሉ፤ ላም ሲገዙ የእናቷን ወተት ይጠይቃሉ። እኔ ግን ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ አብሮኝ ሊኖር የሚችል ፍጡር ስገዛ ያየሁት ቀለሙን ብቻ ነው።

*

ባዘቶ ሲጠራ አይመጣም ነበር። «ትዕቢተኛ ነው» አልን። በር ሲንኳኳ አይጮኽም ነበር። «ሰነፍ ነው» አልን። አንድ ቀን ደጋግሜ ጠርቼው ጀርባውን ሰጥቶኝ ቢተኛ በጫማ መታሁት። ደንግጦ ዘሎ ሲነሣ ያየኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ምን እንዳጠፋ ፈጽሞ አላወቀም።

በመጨረሻ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኩት። ሐኪሙ የተራቀቀ መሣሪያ አልነበረውም፤ አንድ የብረት ሳህንና አንድ ማንኪያ አነሣ። ባዘቶ ወደ እኔ ሲያይ ጠብቆ ከበስተኋላው ሳህኑን አንጫጫው። እኔ ዘለልኩ፤ በጎረቤት ግቢ ያለ ውሻ ጮኸ፤ ባዘቶ ጅራቱን እየወዘወዘ እኔኑ ያየኝ ነበር። «ይህ ውሻ በሁለቱም ጆሮው አይሰማም» አለ ሐኪሙ። «ሰምቶም አያውቅም ማለት ይቻላል።»

ለሻጩ ደወልኩ። ገንዘቤን ልጠይቀው አልነበረም፤ ወላጆቹን መርምሩ፣ ድጋሚ እንዳታዳቅሏቸው ልለው ነበር። የመለሰልኝ ቃል ይህ ነው፤ «ወንድሜ፣ ለውሻ ጆሮ ምን ያደርግለታል? ጥርሱን እይ እንጂ!» ስልኩ ተዘጋ።

ጆሮ ለውሻ ምን እንደሚያደርግለት ከወር በኋላ ገባኝ። በሩ ክፍት ሆኖ ባዘቶ ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣው ዳገት ላይ ወጣ። አንድ ባጃጅ ጥሩምባ እየነፋ መጣ። ማንኛውም የመንገድ ውሻ ሰምቶ ዘወር ይል ነበር፤ እርሱ ግን አልሰማም። ሾፌሩ እርሱን አድናለሁ ብሎ መሪውን ሲጠመዝዝ ባጃጁ ቦይ ውስጥ ገባ፤ ውስጡ የነበረች ደብተሯን የታቀፈች ተማሪ ግንባሯ ተፈነከተ። ቁስሏ ድኗል፤ ጠባሳው ግን አለ። የእኔ ሦስት ያልተሟሉ ጥያቄዎች ዋጋ በአንዲት ልጅ ግንባር ላይ ተጽፏል።

*

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩትም አሳፈረኝ፤ ሚስጥር አልነበረምና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ቀለም ሰጪ ህዋሳት አሉ። ሥራቸው ማሳመር ብቻ አይደለም፤ ድምፅ የሚቀበሉት ስስ ህዋሳት በሕይወት የሚቆዩት በእነርሱ ድጋፍ ነው። ውሻን ከጭንቅላት እስከ እግር ነጭ የሚያደርገው የዘር ውርስ አንዳንድ ጊዜ እነዚህን ህዋሳት ከጆሮውም ያስቀራቸዋል። ያን ጊዜ ቡችላው በተወለደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ድምፅ ተቀባዮቹ ይሞታሉ፤ ሞተውም አይመለሱም። በሉዊዚያና ግዛት ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ጆርጅ ስትሬይን እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጥናት ከነጭ ቡል ቴሪየሮች ከአምስቱ አንዱ ገደማ ቢያንስ በአንድ ጆሮው አይሰማም፤ ከመቶ ሁለቱ ገደማ ደግሞ እንደ ባዘቶ በሁለቱም። ቀለም ካላቸው የዚያው ዝርያ ውሾች ግን ችግሩ የታየው ከመቶ በአንዱ ገደማ ላይ ብቻ ነው።

አስተውል፤ በአንድ ጆሮው ብቻ የማይሰማው ውሻ ሲጠራ ይመጣል፣ በር ሲንኳኳ ይጮኻል። ባለቤቱ ጤነኛ ነው ብሎ ያዳቅለዋል። ሳህን በማንጫጫት እርሱን መለየት አይቻልም፤ ድምፅ ሲሰማ አንጎሉ የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ምላሽ የሚለካ መሣሪያ ያስፈልጋል። በሠለጠነው ዓለም ጠንቃቃ አርቢዎች ቡችላን ከመሸጣቸው በፊት በዚህ መሣሪያ ያስመረምራሉ።

ይህ ንጣት ከየት መጣ? ጄምስ ሂንክስ የተባለ የበርሚንግሃም እንስሳት ነጋዴ በ1860ዎቹ ቡልዶግን ከነጭ ቴሪየር ጋር አዳቅሎ ዝርያውን አወጣ፤ ነጩ ውሻም በትርዒት አደባባይ የጌቶች ጌጥ ሆነ። ያ ነጭ የእንግሊዝ ቴሪየር ራሱ ባለመስማት የታወቀ ነበር፤ ዛሬ ከምድር ጠፍቷል። እርሱ ጠፋ፤ ዕዳውን ግን ለልጅ ልጆቹ አወረሰ። ከመቶ ስልሳ ዓመት በኋላ ዕዳው በካርቶን ተጭኖ አርባ ምንጭ መናኸሪያ ወረደ። ዘር ከልጓም ይስባል የሚለው ተረታችን ለዚህ የተተረተ ይመስላል።

የቴሪየሮች ዕዳ ጆሮ ብቻ አይደለም። በብዙ የቴሪየር ዝርያዎች የዓይን ሌንስን ይዘው የሚያቆሙት ክሮች በጎልማሳነታቸው ተበጥሰው ሌንሱ ከቦታው ይወጣል፤ ውሻውም በሥቃይ ይታወራል። ለዚህ ምክንያት የሆነው የዘረመል ጉድለት እ.ኤ.አ. በ2010 ተለይቷል። ቤድሊንግተን የተባለው፣ በግ የሚመስለው ቴሪየር ደግሞ መዳብን ከጉበቱ ማስወጣት ያቅተው ነበር፤ መዳቡ ተጠራቅሞ ጉበቱን ይበላዋል። የሆላንድ ተመራማሪዎች ጉድለቱ ያለበትን ዘረመል እ.ኤ.አ. በ2002 አገኙት።

በዚህ በሽታ ላይ የባንክ ሰው በቀላሉ የሚገባው ነገር አለ። ጉድለቱን ከአንድ ወላጁ ብቻ የወረሰ ውሻ አይታመምም፤ ዕዳውን ይዞ ጤነኛ መስሎ ይኖራል። ሁለት እንዲህ ያሉ ጤነኛ መሳዮች ሲገናኙ ግን ከአራት ልጆቻቸው አንዱ፣ በአማካይ ሲታሰብ፣ ዕዳውን በሙሉ ይከፍላል። እኛ በባንክ እንዲህ ያለውን ሰው «ሒሳቡ ንጹሕ ነው» አንልም፤ ሌላ ቦታ ያለበትን ዕዳ እስክናጣራ «ያልተጣራ» እንለዋለን። ምርመራው ከተገኘ ወዲህ ተሸካሚውን ውሻ መግደልም ማግለልም አላስፈለገም፤ ከንጹሕ ጋር ብቻ ማገናኘት ይበቃል። መድኃኒቱ ጭካኔ አይደለም፤ መዝገብ ነው።

*

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ ልግባ።

እኛ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሕዝብ ነን። ልጃችንን ስንድር የቅድመ አያት የቅድመ አያት ስም እየጠራን፣ ሽማግሌ እየላክን፣ አንድ ስም ቢገጥም ሠርጉን የምናፈርስ ነን። የጋሞ ሰው ከገዛ ጎሣው አያገባም። ዘረመል የሚለው ቃል ሳይፈጠር፣ ማጉያ መነጽር ሳይታይ፣ አባቶቻችን የቅርብ ደም ከቅርብ ደም መቀላቀል እንደማይገባው ሕግ አድርገው ደንግገውታል።

የውሻ ገበያችን ግን ይህን ሕግ ገልብጦታል። ወንድምን ከእኅት፣ አባትን ከልጅ አገናኝቶ «ደሙ አልተቀላቀለም» እያለ ዋጋ ይጨምርበታል! ለሰው ነውር የሆነው ለውሻ የምስክር ወረቀት ሆነ። ንጹሕ የምንለው ቃል በብዙ ቤት «ዘመዳሞች ናቸው» ማለት እንደሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን?

ፈረንጅ እንዲህ ነው የሚያደርገው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ያደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ቢቢሲ የዝርያ ውሾችን ሥቃይ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ሲያስተላልፍ እንግሊዝ ታወከች። በ1873 የተመሠረተው የእንግሊዝ ኬነል ክለብ በእናትና በልጅ፣ በአባትና በልጅ፣ በወንድምና በእኅት መካከል የተወለዱ ቡችሎችን መመዝገብ ያቆመው በ2009 ነው። እኛ ሰባት ቤት በምንቆጥርበት ዘመን እነርሱ ለውሾቻቸው አንድ ቤት ለመቁጠር መቶ ሠላሳ ስድስት ዓመት ፈጀባቸው። የሚያሳዝነው ግን ይህ አይደለም፤ እነርሱ አፍረው የጣሉትን ልማድ እኛ በደመወዛችን መግዛታችን ነው።

ጎረቤቴ ከጨንቻ ወርደው ሴቻ የሚኖሩ አረጋዊ ሸማኔ ናቸው። ባዘቶን ሲያዩ ብዙ ጊዜ ዝም ይሉ ነበር። አንድ ምሽት ታሪኩን ስነግራቸው «ልጄ፣ ጥለቱን አይተህ ድሩን ሳታይ ነው የገዛኸው» አሉኝ። ከዚያ ስለ ጎሜ አነሡ። በጋሞ ባህል ጎሜ የተከለከለውን መተላለፍ ነው፤ መዘዙ አጥፊውን ብቻ ሳይሆን ቤቱንና ዘሩን ይነካል ተብሎ ይታመናል። «ውሻው ጎሜ አላደረገም አባባ» አልኳቸው። «እርሱማ ምን አደረገ» አሉኝ። «ያደረገ ሌላ፤ የሚከፍል እርሱ። ጎሜ እንዲህ ነው።»

ከዚህ የተሻለ የዘር ውርስ ትምህርት ከየትም አላነበብኩም።

*

ባለፈው ዓመት አንድ ሰው ቤቴ መጣ። ሴት ቡል ቴሪየር አለችው፤ ነጭ ናት። ባዘቶን ለማዳቀል ጥሩ ገንዘብ አቀረበልኝ፤ ከፈለግሁ በገንዘቡ ፈንታ ሁለት ቡችላ። ውሻዬ አይሰማም አልኩት። ሳቀ። «ለገዢው ማን ይነግረዋል?» አለኝ።

የዚያን ቀን ኪሴ ባዶ ነበር፤ ወር መድረሻው ሩቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር ለአፍታ አመነታሁ። ያመነታሁበት አፍታ ዛሬም ያሳፍረኛል። እምቢ ስለው ለጎረቤቶቼ «እብድ ነው፣ ገንዘብ ይጠላል» ብሎ ሄደ። ይህን የምጽፈው ለመመስገን አይደለም። የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ እኔ እምቢ ያልኩበት በር አጠገብ እሺ የሚል ሌላ በር አለ፤ ያ ሰውም ያገኘዋል።

አሁን ቅሬታህን አምጣ አንባቢዬ። ቅንጦት ነው ያልከው አንተ፣ የዚያችን ተማሪ ግንባር አስብ። ሌላም አለ። የማይሰማ፣ የማያይ፣ የሚያነክስ ውሻ የገዛ ሰው ሲሰለቸው ምን ያደርጋል? በሌሊት ወስዶ ገበያ ዳር ይጥለዋል። የተጣለው ውሻ ክትባት የለውም። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ሰውን ከሚይዘው በሽታ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ የሚመጣው ከውሻ ነው። በእኛ አገር ወረርሽኙ በአዲስ አበባ ተመዝግቦ የታየው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው፤ ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላም እናቶች ልጆቻቸውን በዚሁ በሽታ ይቀብራሉ። በባሌ ተራሮች ያለው ቀይ ቀበሮ፣ በዓለም ከ500 ያነሰ የቀረው፣ ከሰው ውሾች በተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ ደጋግሞ አልቋል። የአንድ ውሻ ባለቤት ኃላፊነት በግቢው አጥር አያበቃም።

«የእኛ አገር ውሻ ይሻላል፤ እርሱ አይታመምም» የሚለውንም ወዳጄን አልሸነግለውም። የጨንቻ ደጋ ውሻ በግ ከጅብ ሲጠብቅ አድሯል፤ ማንም በቀለሙ መርጦ ስላላዳቀለው ዘሩ ሰፊ ነው፤ ይህ ሀብት ነው። ግን እርሱንም አናስከትበውም፣ አጥንት ወርውረን የቀረውን ለመንገድ እንተውለታለን፤ ሲበዛም በመርዝ ሥጋ እናጠፋዋለን። አንዱን በፍቅር ስም፣ ሌላውን በንቀት እንበድላለን። ሁለቱም ባለቤት አልባ ናቸው።

«ሥራ የሌላቸው ወጣቶች እንጀራቸው ነው» የሚለው ክርክር ግን ይከብደኛል። እንጀራ የሚከበር ነገር ነውና። ሆኖም ማንም ወጣት ጤነኛ ቡችላ ሸጦ ሲከስር አላየሁም። እንጀራውን የሚያጠፋበት እውነቱ አይደለም፤ እንደ እኔ ያለ የተታለለ ገዢ ለሌላው ሲናገር ነው። የተዘጋ ስልክ ደንበኛ አያመጣም።

*

ታዲያ ምን ይደረግ? የምለው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ገዢ ሆይ፣ እናቲቱን ሳታይ ቡችላ አትግዛ። የአባቱን፣ የአያቶቹን ስም ጠይቅ፤ ሻጩ ሁለት ትውልድ መቁጠር ካቃተው ዋጋውን አትጠይቀው። ነጭ ከሆነ ሳህን አንጫጫበት፤ ነገር ግን ይህ ብቻ እንደማይበቃ ዕወቅ። አርቢ ሆይ፣ አንድ የሃምሳ ሉክ ደብተር ግዛ። ማን ከማን እንደተወለደ፣ የትኛው እንዳልሰማ፣ የትኛው እንደታወረ ጻፍበት። የታመመውን አታዳቅል፤ ወንድምን ለእኅት አትስጥ። ባለቤት ሆይ፣ በየዓመቱ አስከትብ፤ በርህን ዝጋ፤ የሰለቸህን ውሻ መንገድ ላይ አትጣል። በየከተማው የምትሠሩ የእንስሳት ሐኪሞች ደግሞ ለክትባት የመጣውን ውሻ ሁሉ የወላጆቹን ስም ብትጠይቁና ብትመዘግቡ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይህ አገር ከመደርደሪያ የሚነሣ መዝገብ ይኖረው ነበር።

ባዘቶ አሁን እግሬ ሥር ተኝቷል። ስተኛም ስጽፍም አንድ መዳፉን ጫማዬ ላይ ያሳርፋል፤ ብነሣ እንዳያመልጠው ነው። ድምፄን ስለማይሰማ በመዳፉ ያዳምጠኛል። እጄን ሳወዛውዝለት ይመጣል፤ መብራት ሳጠፋና ሳበራ በር እንደተንኳኳ ያውቃል። ጥሩ ውሻ ነው። ልጅ ግን አይኖረውም፤ ዕዳው በእርሱ ላይ ያበቃል። የአባት ዕዳ ለልጅ ይተርፋል ይባላል፤ ለቡችላ እንዳይተርፍ ማድረግ ግን በእጃችን ነው።

በልማዴ ስንኝ ሳልቋጥር አልሰናበትም፦

ለልጁ ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚድር ሰው፣
ለውሻው ሲሆን ግን ቁጥሩን ምን አስረሳው?
ነጭ ነው ተባለና ዋጋው ተጨመረ፣
በጆሮው ተከፍሎ ቀለሙ አማረ።
እርሱስ አልሰማኝም፣ ደጋግሜ ጠራሁ፤
ደንቆሮው እኔ ነኝ፣ ሳልጠይቅ የገዛሁ።

ቸር ይግጠመን።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ